አራት ቋጠሮ

ክር ሻጯ ወሬ ሳትይዝ መጥታ አታውቅም። የዚያን ዕለት ሐሙስም ገና ከደጃፍ ሳለች ድምጿ ቀድሟት ገባ።

«ሜትር! አለሽ? ወይስ መኪናው ብቻውን ነው የሚሰፋው?»

ሠፈሩ ልብስ ሰፊዋን የሚጠራት «ሜትር» እያለ ነው። ከአንገቷ የማይለየው የልክ መውሰጃ ከጋብቻ ቀለበቷ የበለጠ ይታወቅላታል፤ ስትተኛም አታወልቀውም ብለው የሚምሉ ሴቶች አሉ። በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ሲቆጣ።

የምትሠራበት ክፍል የቤቱ ፊት ለፊት ነው። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው እግሩን ደጅ አድርጎ ነው የሚያወራው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ከጎኑ በጠመኔ የተጨማለቀ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ላይ ቁልፍ ያልተተከለላቸው የተማሪ ሸሚዞች በሚስማር ተሰቅለዋል። በኋላው በር ሲወጡ ግቢው ነው፣ ግቢውን ተሻግሮ የአማቷ ክፍል።

ክር ሻጯ ዘንቢሏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «ነጩ አልቋል፣ ሰማያዊው አለ። የማዶዋ ሙሽራ ቀሚሷን አስፊልኝ አለችሽ አሉ? ታዲያ አንቺ የዋህ፣ ቀሚሱ ጠቦ መሰለሽ?» ብላ በራሷ ቀልድ ራሷ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች። የቀኑ የመጨረሻ ሳቋ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ትንሽ ታስረዝመው ነበር።

ከዘንቢሉ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። የክር ሻጯ ድምፅ ዝቅ አለ። «ይሄ ከአዋላጇ ነው። ለቅዳሜ ጠዋት ይድረስ ብላለች። የማን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ዘንቢሏን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ምን እንደሆነ ለማወቅ መፍታት አላስፈለጋትም። ጥቁር ቀይ ጨርቅ ነው፣ ደም ቢነካው የማያሳብቅ። ከእሱ የሚሰፋው ቀሚስ ወገብ የለውም፣ ላስቲክ አይገባበትም፣ ስፌቱም ሁሉ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ አዋላጇ የገረዘቻት ልጅ ስትለብሰው ምንም ነገር እንዳይፈትጋት ነው። በዚያ አካባቢ ይህን ቀሚስ አሳምሮ የሚሰፋ ከእሷ ሌላ የለም። ያስተማረቻት አማቷ ናት።

ልኩ ደግሞ በክር ነው የሚመጣው። ሕግ ግርዛትን ከከለከለ ወዲህ ልክ በወረቀት የሚልክ የለም፤ ወረቀት ጽሕፈት አለው፣ ጽሕፈት ደግሞ ባለቤት አለው። ክር ግን ክር ነው። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ የአንድ ትከሻ ልክ፣ ከጫፉ እስከ ሁለተኛው የደረት፣ እስከ ሦስተኛው የቁመት። ሦስት ቋጠሮ ብቻ። ስም የለው፣ ፊት የለው።

እስከዚያ ቀን ድረስ አስራ አንድ ሰፍታለች። «የኔ መቀስ ጨርቅ እንጂ ሌላ አይቆርጥም» ትላለች ለራሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ነገሩን ሳታውቀው ቀርታም አይደለም። እሷንም የያዟት በሰባት ዓመቷ ነው፤ አራት ሴቶች ነበሩ፣ አንደኛዋ አክስቷ። የሃይማኖት ትእዛዝ ነው አሏት። ካደገች በኋላ የጠየቀቻቸው የሃይማኖት ሰዎች ግን አንዳቸውም የታዘዘበትን ገጽ ገልጠው ሊያሳዩዋት አልቻሉም። የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አምጣ ሞቶ ነው የወጣው፤ ጠባሳው አላሳልፍ ብሎት ነው አላት ሐኪሙ። ሁለተኛዋን በቀዶ ጥገና ወልዳ ስትነቃ ባሏ ሕፃኗን ታቅፎ፣ እንባው በአፍንጫው ላይ እየወረደ፣ «ይቺን ማንም አይነካትም» ብሎ ማለላት። ሰባት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የወሰዳት ያንን መሐላ ተንተርሳ ነው።

ታዲያ ለምን ትሰፊያለሽ ቢሏት መልስ ነበራት። እምቢ ብትል ሠፈሩ «ለምን?» ይላል፤ ለምን ያለ ሰው ደግሞ ዓይኑ ወደ ልጇ መዞሩ አይቀርም። በሰው ልጆች ቀሚስ የራሷን ልጅ የጋረደች ይመስላት ነበር። ክሮቹን ግን አትጥላቸውም፤ ሰፍታ ስትጨርስ እየጠቀለለች የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ትከታቸዋለች። ለምን እንደምታስቀምጣቸው አስባው አታውቅም።

ጋዜጣውን ፈትታ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጎን ለጎን አደረገችው። ቋጠሮዎቹን በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። አራት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጠጋግተዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ ጣት ውፍረት ነው። ደረት እንዳይባል አጠረ። ሁለቱም ትከሻ ናቸው፤ አንደኛው ከሌላው በአንድ ጣት ያነሰ ትከሻ።

ልጇ፣ ሚጡ የሚሏት፣ በአራት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ግራ ትከሻዋ ተሰብሮ ነበር። ድኖላታል፤ ግን በአንድ ጣት አጥሮ ቀረ። ለማየት አያስታውቅም። የሚያውቀው ልብሷን የሚሰፋላት ሰው ብቻ ነው። ደረቱን ለካች። ቁመቱን ለካች። ባለፈው ወር የሰፋችላት ዩኒፎርም ልክ ነበር፣ አንድ ፀጉር ሳይጎድል።

ከትላንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ያየችው ነገር ትዝ አላት። አማቷ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሚጡ ላይ ክር ትጠመጥም ነበር። ሚጡ ብብቷን ሲነካት እየተኮረኮረች ትስቃለች። አሮጊቷ ዓይኗ ስለደከመ በእጇ እየዳበሰች ነው የምትለካው። ልብስ ሰፊዋ ያንን አይታ፣ ሴት አያትና የልጅ ልጅ እንዲህ ሲጫወቱ ደስ ይላል ብላ፣ ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር።

«አንዱን ትከሻ ከለካሽ ሌላው ወንድሙ ነው፣ አትድከሚ» ብላ ሙያውን ያስተማረቻት እኮ ይህችው አማቷ ናት። ሁለት ትከሻ የሚለካላት በዓለም ላይ አንዲት ሚጡ ብቻ ናት። አሮጊቷ ልታስገርዛት ቆርጣ ተነስታ ሳለ የልጅቷ ቀሚስ ግን እንዲንጋደድ እጇ እሺ አላላትም። በሙያ ልማድ ተሳስታ ራሷን አጋለጠች።

የቀራት ሰው ባሏ ነው። ስልኳን አነሳች። ቁጥሩን ልትነካ ስትል ጠዋት ያላት ነገር ከየት መጣ ሳይባል ትዝ አላት። «ቅዳሜ እኔ ራሴ ጨርቅ ተራ እወስድሻለሁ፣ ሚጡ ከእናቴ ጋር ትዋል» ነበር ያላት። በአስር ዓመት ትዳራቸው ጨርቅ ሊያጋዛት ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። ጠዋት ደስ ብሏት ሸሚዙን ደግማ ተኩሳለታለች። አይሆንም፣ አጋጣሚ ነው ብላ ራሷን ገሠጸችና ደወለች።

«አቤት» አላት። የሚሠራበት ጋራዥ መዶሻ ከኋላው ይጮኻል።

«ምንም አይደለም፣ ስለ ቅዳሜ ነው። ሚጡንም ይዘናት ብንሄድስ? ጫማዋም አልቋል።»

መዶሻው ብቻ ይጮኻል።

«ልጅቷን ምን አመጣት አሁን?»

«እንዲያው፣ ደስ እንዲላት ብዬ ነው።»

«ማን ምን አለሽ?»

ማንም ምንም አለኝ አላለችውም። «ማን ምን ይለኛል?» አለች፤ ድምጿ ግን አላመነላትም።

ያኔ ስሟን ጠራ። እውነተኛ ስሟን። «የትም እንዳትሄጂ። መጣሁ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን በእጇ እንደያዘች ቀረች። የመኪናው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ሰባት ዓመት የተንተራሰችው መሐላ ከራሷ ሥር ሲሳብ ተሰማት። ከጋራዡ እስከ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። ትምህርት ቤቱ ሊለቀቅ ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል። ቀድማ ትድረስ? የት ትውሰዳት? ማን በር ላይ ይጠብቃት ይሆን?

የኋላው በር ተንቋቋ። አማቷ ግድግዳውን እየዳበሰች ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ሌላው እጇ ሳታዝዘው መቀሱን ጨበጠ። አስር ዓመት በዚያ መቀስ ስትሠራ ለሌላ ነገር አስባው አታውቅም ነበር። አሁን አሰበችው፣ ራሷንም ፈራች።

አሮጊቷ እንደ ዘወትሯ በርጩማዋን በእግሯ ፈልጋ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ መጥታ የምራቷን ስፌት በጣቷ እየዳሰሰች መንቀፍ የዕለት ሥራዋ ነው። እጇን ጠረጴዛው ላይ ስትሰድ ጨርቁን አገኘችው። በሁለት ጣት አሸት አሸት አደረገችው።

«መጣ?» አለች።

«ምኑ እማማ?»

«ክሩ።» አሮጊቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች። «ስንት ቋጠሮ አለው?»

«ሦስት።» ዋሸች። ማወቋን ካወቁ እስከ ቅዳሜ ድረስ እንደማይጠብቁ ገብቷታል። «እንደ ሁልጊዜው ሦስት ነው።»

«ደህና አድርገሽ ቁጠሪ እስቲ።»

«ቆጥሬዋለሁ እማማ፣ ሦስት ነው።»

«አራት ነው» አለች አሮጊቷ። «የቋጠርኩት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ልክ ስወስድ ኖሬ፣ ለማንም ሁለት ትከሻ ለክቼ አውቃለሁ? ለአዋላጇ እንዲገባት መሰለሽ? አንቺ እንድታይው ነው እንጂ። ሌላ ሰፊ በሠፈሩ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ዞሮ ዞሮ እጅሽ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ ይቺ ልጅ ቋጠሮ መቁጠር ትረሳ ይሆን እያልኩ።»

መቀሱ ከልብስ ሰፊዋ እጅ ወደቀ።

«ልጄ ነው ያመጣው» አለች አማቷ። «ባልሽ። ጋራዥ ያሉት ጓደኞቹ አፋቸውን አላሳርፍ አሉት፤ ቤትህ ያለችውን ማን ያገባልሃል እያሉ ሳቁበት። እሱ ደግሞ ሲስቁበት አይችልም፣ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው። አዋላጇን ራሱ ሄዶ አነጋገራት። ልኳን ውሰጂ አለኝ፣ ወሰድኩ።»

«ለምን አልነገሩኝም? ግቢ ተሻግረው ሁለት ቃል መናገር አቅቶዎት ነው?»

የአሮጊቷ ጣቶች ጨርቁን ማሸት አላቆሙም።

«ብነግርሽ ለምን ትይኝ ነበር። እርስዎስ የዚህ ነገር ደጋፊ አልነበሩም ወይ ትይኝ ነበር። ያኔ የሴት ልጄን ነገር ማውጣት ነበረብኝ።» አሮጊቷ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ፎቶግራፍ አለ፤ የልብስ ሰፊዋ ባል ታላቅ እህት ናት፣ በትኩሳት እንደሞተች ነው ቤተሰቡ የሚያውቀው። «ትኩሳት አልነበረም። ደሟ አልቆም ብሎ ነው። እሱ ገና ይድህ ነበር። ሲያድግ ትኩሳት ነው አልኩት፣ ጎረቤትም ትኩሳት ነው አለ፣ እኔም ስለው ስለው አመንኩት። ቢያውቅ ኖሮ ይህን ነገር በአፉ ይጠራው ነበር? እኔ ነኝ አፉ ላይ ያስቀመጥኩለት።» ጨርቁን ለቀቀችው። «ቀሚሱን እኔ ነኝ የሰፋሁላት። አልለበሰችውም።»

ልብስ ሰፊዋ ልትጮህባት ፈለገች፤ ልታቅፋትም ፈለገች። ለሁለቱም ጊዜ አልነበረም።

«መጣሁ ብሏል» አለቻት። «ደወልኩለት፤ ነቅቶብኛል።»

አሮጊቷ ከበርጩማዋ ተነሳች። ቀርፋፋ የነበረችው ሴትዮ ድንገት ሃያ ዓመት የቀነሰች መሰለች። «እንግዲያው ምን ታፈጥጪብኛለሽ? በጓሮ ውጪ። መኪናው ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ሲመጣ እየተሰፋ ነው የሚያገኘው። ድምፁን ከሰማ ቤት ያለሽ ይመስለዋል፤ ያቺን ያህል ጊዜ ታገኛለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እነግረዋለሁ። ስለ እህቱ።»

«ቢመታዎትስ?»

«እናቱ አይደለሁም?» አለች አሮጊቷ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔንጃ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አነሳች። መታወቂያዋን፣ የሚጡን ሹራብ፣ አራት ቋጠሮ ያለውን ክር ከተተች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና የቁልፍ ቆርቆሮዋንም ጨመረች። ለምን ቢሏት አታውቅም። በጓሮው አጥር ስትወጣ ከኋላዋ የመኪናው ፔዳል መንቀሳቀስ ጀመረ። ክር ያልገባበት መኪና ድምፁ ባዶ ነው፤ እሷ ለየችው። እሱ ይለየው ይሆን እያለች መንገዱን በሩጫና በእርምጃ መካከል ሄደችው።

ዋናው መንገድ ጥግ ላይ ስትደርስ የባሏ አሮጌ ነጭ ፒካፕ ከማዶ ብቅ አለ። ከዳቦ ቤቱ ምሰሶ ኋላ ተጠጋች። ከንፈሩን ነክሶ ነው የሚነዳው። የምትወደው ፊት ነው፤ ጠዋት ግንባሩን የሳመችው ሰውዬ ነው። በአጠገቧ ሲያልፍ ትንፋሿን ዋጠች፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚሰማት ይመስል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን በግማሽ ከፍቶ አንገቱን አወጣ።

«ሚጡን ልውሰዳት። ሐኪም ቀጠሮ አላት።»

ዘበኛው ራሱን አከከ። «አባቷ አሁን ደወለ እኮ። እኔ እስክመጣ ለማንም እንዳትሰጡ አለ።»

እንዳይዘጋባት በሩን ያዘች። ዘበኛው የለበሰውን ካፖርት አየችው፤ ባለፈው ክረምት ገበሩን የለወጠችለት እሷ ናት፣ እጅጌውንም አሳጥራለታለች።

«እኔ ማንም ነኝ ጋሼ?» አለችው።

ዘበኛው ፊቷን ተመለከተ። ከዚያ በሩን የያዘውን እጇን። ከዚያ የገዛ እጅጌውን። ምን እንዳሰበ አይታወቅም፤ ምናልባት እሱም ሴት ልጆች ይኖሩታል።

«ለማንም ሲል አንቺን ማለቱ አይመስለኝም» አለና ወደ ክፍሎቹ ሄደ።

እስኪመለስ ድረስ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ ጥግ ትሸሸጋለች። ሚጡ ቦርሳዋን እየጎተተች ስትመጣ የግራ ትከሻዋ ማሰሪያ እንደ ልማዱ ተንሸራቷል። እናቷ ምንም ሳትል እጇን ይዛ ወደ አውቶቡስ ተራ ወሰደቻት። ሌላ ከተማ ያለችው ታላቅ እህቷ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ባሏ መጀመሪያ የሚፈልጋትም እዚያ ነው። ከእህቷ ቤት ወዴት እንደምትሄድ ገና አታውቅም። ለፖሊስ ልንገር ብትልስ? ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቃት፣ ክሩ እጅሽ እንዴት ገባ ብሎ ነው። ያንን ደግሞ ስትመልስ አስራ አንዱም ይከተላሉ።

አውቶቡሱ ተነስቶ ከተማውን ሲለቅ ስልኳ ጮኸ። የባሏ ቁጥር ነው። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። አሮጊቷ ነግራው ይሆን? አልቅሶ ይሆን የሚደውለው፣ ወይስ ተቆጥቶ? ወይስ አሮጊቷ አንድ ነገር ሆናለች? ከስልኩ ጩኸት ምንም መለየት አልቻለችም። አጠፋችው።

«እማዬ፣ አያቴ አዲስ ቀሚስ አለሽ ብላኛለች» አለች ሚጡ። «ቅዳሜ ነው የምለብሰው?»

«አይደለም የኔ ቆንጆ። ያ ቀሚስ ቀርቷል።»

ልጅቷ ትንሽ አኮረፈችና ቦርሳው ውስጥ እጇን ሰደደች። ቆርቆሮውን አውጥታ ከፈተችው። ቁልፎቹን ወዲያ ወዲህ ብላ የተጠቀለሉትን ክሮች አወጣቻቸው፤ ጭኗ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።

«ይሄ ሁሉ ክር የማን ነው?»

እናቷ አራት ቋጠሮ ያለውን ከቦርሳዋ አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ይሄ ያንቺ ነው። አያትሽ ናት የለካችሽ፤ ይኸው፣ ይሄ ቀኝ ትከሻሽ፣ ይሄ ግራሽ።»

ሚጡ ቋጠሮዎቹን በጣቷ ዳሰሰች፣ ልክ እንደ አያቷ። ደስ አላት። ከዚያ ወደ ጭኗ ተመለከተች።

«እነዚህስ የነማን ናቸው?»

ልብስ ሰፊዋ የአንዳቸውንም ስም አታውቅም። አስራ አንዱም እያንዳንዳቸው ሦስት ቋጠሮ፣ አንድ አንድ ትከሻ ብቻ ነበራቸው። ሁለተኛውን የለካላቸው ሰው አልነበረም።